ከቦርከና ዳር
እዚህ የወጣው ጽሑፍ «የፍሳሽ ውሃን ለመስኖ መጠቀም ለኮምቦልቻ አዲስ ሐሳብ ነው» የሚለው አይገባኝም። ድሮም እየተጠቀምንበት ነው እኮ፤ የጎደለው ማጣራቱ ነው። የአጎቴ ማሳ ከከተማው በታች ቦርከና ወንዝ ዳር ነው። በበጋ ሰላጣና ቃሪያውን የሚያጠጣው ከወንዙ በፓምፕ እየሳበ ነው። የደሴም የኮምቦልቻም እጣቢ፣ የፋብሪካዎቹም ፍሳሽ የሚወርደው ወደዚያው ነው። ከላይ በአስተያየትህ «መስኖው ይከልከል» ያልከው ወንድሜ፣ ከልክለህ ገበሬውን ምን ልታበላው ነው? የዓለም ጤና ድርጅት የ2006 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ እንኳ ዝም ብሎ ከልክሉ አይልም። ውሃውን አጣሩ፣ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ አጠጡ፣ ከመልቀም በፊት ለጥቂት ቀናት ማጠጣቱን አቁሙ፣ ቤት ስትደርሱ እጠቡ ነው የሚለው። ይሄ ግን በዋናነት ለጀርምና ለትላትል እንቁላል ነው። ከቆዳ ማልፊያ ፋብሪካ የሚወጣ ክሮሚየም የሚባል ብረት ግን አፈር ውስጥ ይከማቻል፤ ሰላጣውን ብታጥበው ምን ዋጋ አለው? እሱ ፋብሪካው በር ላይ መቅረት አለበት። ስለዚህ ደንብ ከወጣ የቤት ፍሳሽና የፋብሪካ ፍሳሽ ለየብቻ ይታይ፤ ጽሑፉ ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቋቸዋል። አጎቴማ ለቤቱ የሚሆን ሰላጣ በጉድጓድ ውሃ የሚያጠጣት ትንሽ መደብ ጓሮው አለችው።