ካኮ 330 ጨዋታ ተሰጠው፣ እድል ግን ተሰጠው ወይ?

ሲያትል ውስጥ የሆኪ ወሬ ከተነሳ የካፖ ካኮ ነገር አይቀርም፣ ኒውዮርክ ሬንጀርስ እያለ በቂ እድል አግኝቷል ወይስ አላገኘም። 330 ጨዋታ ተጫውቶ 61 ጎል ብቻ ያገባ አጥቂ ከዚህ በላይ ምን ይደረግለት የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም።

ለማታውቁት፣ ልጁ ፊንላንዳዊ ነው፣ በ2019 ድራፍት (ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) በ18 አመቱ 2ኛ ሆኖ ተመረጠ። 1ኛው ጃክ ሂዩዝ ነበር፣ እሱን ጎረቤቱ ኒው ጀርሲ ዴቪልስ ወሰደው። የመጀመሪያ ሲዝናቸውን እስቲ እዩት፣ ካኮ በ66 ጨዋታ 23 ፖይንት (ያገባውና ለጎል ያቀበለው ተደምሮ)፣ ሂዩዝ በ61 ጨዋታ 21። ሁለቱም አልሆነላቸውም። ግን ዴቪልስ ያኔ ተሸናፊ ቡድን ስለነበር የሚያጣው ነገር የለም፣ ልጁን ከነስህተቱ ዋናው ቦታ ላይ እያሰለፈ ታገሰው፣ 2022-23 ላይ 99 ፖይንት ይዞ ብቅ አለ። ሬንጀርስ ግን ካኮን በመረጠ በ10 ቀኑ ኮከቡን አጥቂ ፓናሪንን አስፈረመ፣ አሁኑኑ ማሸነፍ አማረው ማለት ነው፣ ልጅ ማሳደግና ዋንጫ መሮጥ ደግሞ አብሮ አይሄድም።

ሆኪ ላይ ስንት ጨዋታ ተጫወትክ ሳይሆን ከማን ጋርና መቼ ገባህ ነው ጥያቄው። አጥቂዎች ሶስት ሶስት ሆነው በአራት መስመር ይቀያየራሉ፣ አንዱ መስመር በረዶው ላይ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላው ይወጣል። ጎል የሚቀለው ፓወርፕሌይ ላይ ነው፣ ተጋጣሚ ተቀጥቶ ሰው ሲጎድልበት። እሱን ደግሞ የሬንጀርስ ኮከቦች እነ ፓናሪን፣ ዚባነጃድ፣ ክራይደር ይዘውት አይወጡም ነበር፣ ለካኮ ፍርፋሪው ነበር የሚደርሰው።

ልጁም እንከን የለውም አልልም፣ ፍጥነት ይጎድለዋል፣ መምታት ሲገባው ያቀብላል፣ ጉዳትም አስቸግሮታል። ግን 2022-23 ላይ የሲዝኑን 82 ጨዋታ በሙሉ ተሰልፎ 40 ፖይንት አምጥቷል እኮ! ቡድኑ ሲጨንቀው ግን መጀመሪያ የሚወጣው እሱ ነበር። 2022 ፕሌይኦፍ (ለዋንጫ የሚደረገው ጥሎ ማለፍ) ላይ ከሌሎቹ ወጣቶች ከሂቲልና ከላፍሬኒየር ጋር "የልጆቹ መስመር" ተብለው ከተማው ሲያብድላቸው ከርሞ፣ ከታምፓ ጋር በተደረገው 6ኛ ጨዋታ አሰልጣኙ ጋላንት አስቀረው፣ ቤንች እንኳን አይደለም፣ ሱፍ ለብሶ ከላይ ማየት ነው። 2024 ላይ ቀጣዩ አሰልጣኝ ላቪዮሌት ያንኑ ደገመው። በዛው አመት ዲሴምበር ላይ እንደገና ሲቀር፣ ካኮ ራሱ ወጣቱን ማውጣት ቀላል ነው ብሎ ለጋዜጠኞች ተናገረ፣ ሳምንት ሳይሞላ በተከላካዩ ዊል ቦርገንና በሁለት የድራፍት ምርጫ ቀይረው ወደኛ ላኩት።

እዚህ የሲያትሉ ቡድን ክራከን ከአጥቂው ማቲ ቤኒየርስ ጎን አሰለፈው፣ በ49 ጨዋታ 30 ፖይንት። በዛው ሲዝን ኒውዮርክ እያለ በ30 ጨዋታ 14 ነበር። ሂዩዝን አይሆንም፣ እሱ ለሬንጀርስ የተበላ እቁብ ነው። ግን አሁን ሲሳሳት ዞር ብሎ አሰልጣኙን አያይም።