ቃል በተገባላችሁ ማግስት ቤት አትግቡ

ወገኖቻችን፣ ዛሬ የምንገሥጸው ቃሉን ያጠፈውን መንግሥት አይደለም። እሱን ስንወቅስ ከርመናል፤ ለምዶታልም። ተግሣጹ ለእናንተ ነው። አምባገነን ቃሉን ቢበላ ምን ይደንቃል? የሚደንቀው፣ ባለሥልጣኑ ማታ በቴሌቪዥን ቀርቦ «ጥያቄያችሁ ተገቢ ነው፤ ይመለሳል» ባለ ማግስት አደባባዩን ባዶ ማድረጋችሁ ነው። ያ ንግግር የተዘጋጀው ጥያቄያችሁን ለመመለስ ሳይሆን እናንተን ወደ ቤት ለመመለስ ነበር። ተመለሳችሁ፤ ንግግሩም ሥራውን ጨረሰ።

እንዲህ ያለ መንግሥት ቃል የሚገባው ሲያምንበት ሳይሆን ሲያመው ነው። ፋብሪካው ሲቆም፣ ግብሩ ሲቀር፣ ወታደሩ ትእዛዝ ለመፈጸም ሲያንገራግር ያመዋል። ስትበተኑ ሕመሙ ይለቀዋል፤ ቃሉንም ይረሳዋል። በመካከል የሚያገኘውን ፋታ ምን እንደሚሠራበት ደግሞ ልታውቁ ይገባ ነበር። ያንገራገረውን አዛዥ ያዛውራል፤ አስተባባሪዎቹን ሌሊት ሌሊት አንድ በአንድ ይለቅማል፤ ከአድመኞቹ ለአንዱ ክፍል ደመወዝ ጨምሮ ከሌላው ይነጥለዋል፤ ለቀረው አጣሪ ኮሚሽን ያቋቁምለታል። ለዚህ ሁሉ ጥቂት ሳምንት ይበቃዋል።

በፖላንድ፣ በግዳንስክ ከተማ፣ በሌኒን የመርከብ ግንባታ ድርጅት በ1980 የሆነውን ቀረብ ብላችሁ እዩት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሠራተኛው ኦገስት 14 ሥራ ያቆመው አና ቫለንቲኖቪች የተባለች የክሬን ኦፕሬተር ጡረታ ልትወጣ አምስት ወር ሲቀራት በመባረሯ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ዕለት፣ አስተዳደሩ እሷን ወደ ሥራ ለመመለስና በወር 1500 ዝሎቲ (የፖላንድ ገንዘብ) ለመጨመር ተስማማ። የአድማው መሪ ሌህ ቫዌንሳም አድማው አብቅቷል ብሎ አወጀ። ሰዉ ደስ ብሎት ወደ በሩ መጉረፍ ጀመረ። በዚያች ሰዓት ያቺ አገር ልክ እንደ እናንተ ልትሆን ጥቂት ቀርቷት ነበር።

ያዳኗት ጥቂት ሴቶች ናቸው። ሄንሪካ ክሺቮኖስ የተባለች የትራም ሾፌር፣ ትልቁ ድርጅት የራሱን ይዞ ከወጣ በየትንንሹ መሥሪያ ቤት ያደሙት እንደሚደቆሱ ለመሪዎቹ በቁጣ ነገረቻቸው። አሊና ፒየንኮፍስካ የተባለች ነርስ ወደ በሩ ሮጣ ሰዉን እንዳይወጣ ተማጸነች። አብዛኛው ወጥቶ ነበር፤ የቀሩት ጥቂቶች ግን በሩን ዘግተው አደሩ። በዚያች ሌሊት አድማው የአንድ ድርጅት የደመወዝ ጥያቄ መሆኑ ቀረና የብዙ መሥሪያ ቤቶች የጋራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጥያቄዎቹ 21 ሆነው በሁለት ጣውላዎች ላይ ተጻፉ፤ ጣውላዎቹም በዋናው በር ላይ ተሰቀሉ።

እነዚያን ጥያቄዎች ከእናንተ መፈክር ጋር አስተያዩአቸው። 1ኛው ከገዢው ኮሚኒስት ፓርቲና ከአሠሪዎች ነጻ የሆነ የሠራተኛ ማኅበር ይፈቀድ ይላል። 8ኛው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በወር 2000 ዝሎቲ ይጨመር፣ 14ኛው የጡረታ ዕድሜ ለሴት 50 ለወንድ 55 ይሁን ይላሉ። 21ኛው ቅዳሜን ዕረፍት ያደርጋል። ቁጥር ያለው ጥያቄ መፈጸሙን ማንም ሰው በጣቱ ቆጥሮ ያውቃል። እናንተስ ምን ብላችሁ ወጣችሁ? «ፍትሕ ይስፈን!» መልካም። ባለሥልጣኑም «ፍትሕ ይሰፍናል» አላችሁ። አሁን ቃሉን አጥፏል ብላችሁ በምን ትከሱታላችሁ? ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ የሚባለው ለዚህ ነው። «የታሰሩት ይፈቱ» ብቻ አትበሉ፤ የእስረኞቹን ስም ዝርዝር አያይዙ፣ ቀንና ሰዓት ቁረጡ፣ ትእዛዙን የሚፈርመውን ባለሥልጣን በስም ጥሩ፣ የወጡትን ከማረሚያ ቤቱ በር ላይ ቆመው የሚቆጥሩ ሰዎች መድቡ፣ ቀኑ ካለፈ በማግስቱ የምታደርጉትን ከወዲሁ ተናገሩ። ከአምስቱ አንዱ ከጎደለ መንግሥት የሚያመልጠው በዚያው በጎደለው በኩል ነው።

ሌላም የተማሩት ነገር ነበር። በዲሴምበር 1970 የዚያው ድርጅት ሠራተኞች ወደ ጎዳና ወጥተው በጥይት ተመትተዋል። በ1980 ግን አልወጡም፤ ከማሽኖቻቸው ጋር ውስጥ ሆነው በሩን ዘጉ። መጠጥ ከለከሉ፤ ምክንያቱም አንድ ሰካራም የሚያስነሳው ጠብ ለፖሊስ በቂ ሰበብ ነው። ድርድሩን በድምፅ ማጉያ ለግቢው ሁሉ አስተላለፉ፤ ከየመሥሪያ ቤቱ የመጡት ተወካዮች በካሴት ቀድተው ለላካቸው ሰው አሰሙ። እናንተ ተወካዮቻችሁን ዝግ ክፍል ውስጥ አስገብታችሁ ስትጠብቁ ታድራላችሁ፤ ሲወጡ ደግሞ «ተገዝተዋል» ብላችሁ ታሟቸዋላችሁ። ካልሰማችሁ ሐሜቱ እውነት ይሁን ውሸት እንኳ አታውቁም፤ መንግሥት የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ኦገስት 31 ስምምነቱ ሲፈረም ግን ቃሉን የሰማው ሕዝብ ነበር።

ሁልጊዜ ሰልፍ፣ ሁልጊዜ እዚያው አደባባይ መውጣትም ይብቃችሁ። ፖሊስ መንገዱን ከእናንተ በላይ አጥንቶታል። በቺሊ በ1983 የመዳብ ማዕድን ሠራተኞች አድማ ሲያስቡ ጦር ማዕድኖቹን ከበበ። እልህ ተጋብተው ጥይት ፊት አልቆሙም፤ ዕቅዱን ቀየሩት። ሜይ 11 ልጆች ትምህርት ቤት አይሂዱ፣ መኪና በዝግታ ይነዳ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሁሉም በየቤቱ ድስት ያንኳኳ ተባለ። ድስት ያንኳኳን ሁሉ የሚያስር እስር ቤት ከየት ይመጣል? ከሁሉ በላይ፣ ያን ማታ እያንዳንዱ ሰው ጎረቤቱም እንደ እሱ የመረረው መሆኑን በጆሮው ሰማ።

ግዢ ማቆም ከሰልፍ የበለጠ ይቆረቁራል፤ ግን በደንብ ታበላሹታላችሁ። በደቡብ አፍሪካ በፖርት ኤልዛቤት በጁላይ 1985 ጥቁሮች ከነጮች ሱቅ መግዛት ሲያቆሙ፣ ነጋዴዎቹ ገበያቸው ሲቀዘቅዝ ራሳቸው ወደ መንግሥት ሄደው ይለምኑ ጀመር። ይህ የሆነው አስተባባሪዎቹ ጥያቄያቸውን ለይተው ስላወቁ ነው፤ ወታደር ከመኖሪያ ሰፈራችን ይውጣ፣ መሪዎቻችን ይፈቱ፣ የሕዝብ መገልገያዎች ለሁሉም ይከፈቱ። በሌሎች ሰፈሮች ግን አንዳንድ ጎረምሶች አድማውን ጥሳ የገዛችን እናት የገዛችውን ዘይትና ሳሙና በግድ ያጠጧት ነበር። ይህን እንዳትነኩት! በግድ የያዛችሁት ሰው ቀን ሲያገኝ የሚቆጥረው የመንግሥትን በደል ሳይሆን የእናንተን ነው። የድሀው ቤት ስንት ቀን ሳይገዛ እንደሚቆይ አስቀድማችሁ ቁጠሩ፤ እቀባው መቼ እንደሚያበቃም ከመጀመሪያው ተናገሩ። መጨረሻው ያልታወቀ እቀባ በሦስተኛው ሳምንት በጓሮ በር መፍሰስ ይጀምራል።

ድንጋይ ስለምትወረውሩት አጭር ነገር እንበል። ከ1900 እስከ 2006 የተካሄዱ 323 ዘመቻዎችን ያነጻጸረ ጥናት፣ ያለ መሣሪያ ከተካሄዱት 53 በመቶው ሲሳካላቸው በመሣሪያ ከተካሄዱት የተሳካላቸው 26 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አግኝቷል። ድንጋይ ሲወረወር አሮጊቷ ወደ ቤቷ ትገባለች፣ ወታደሩም መተኮሻ ምክንያት ያገኛል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያላችሁ ትተርታላችሁ፤ ድሩን ማን እንደሚያጠነጥነው ግን አትጠይቁም። በሱዳን ጁን 3 ቀን 2019 ወታደሮች ተቃዋሚዎቹ ድንኳን ተክለው የተቀመጡበትን ቦታ ደም በደም አድርገው ኢንተርኔት ሲዘጉ፣ ሕዝቡ ጁን 30 እንደገና በብዛት የወጣው ቤት ለቤት የሚዞሩ የሰፈር ኮሚቴዎች ስለነበሩት ነው። እናንተ ስልካችሁ ሲዘጋ ጎረቤታችሁን እንኳ የምታገኙበት መላ የላችሁም። ሆኖም የሱዳን ነገር ሁለተኛም ትምህርት አለው፤ መራራ ነው። ኦገስት 17 ጦሩና ተቃዋሚዎቹ ሥልጣን የሚጋሩበት ሰነድ ተፈረመ፣ የ39 ወር የሽግግር ዘመን ተቆረጠ፤ ጠመንጃውና የጦሩ ኩባንያዎች ግን ከጦሩ እጅ አልወጡም። ኦክቶበር 25 ቀን 2021 ጦሩ መንግሥቱን ገለበጠ። ቃል ስትቀበሉ፣ ቃሉን የሚያጥፍበትን መሣሪያ አብራችሁ ተቀበሉት፤ ካልሆነ የጨበጣችሁት ወረቀት ነው።

ምርጫ እንደሚሆን ቃል ከተገባ ደግሞ ቁጠሩ። በምሥራቅ ጀርመን ሜይ 7 ቀን 1989 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ፣ ሕጉ ቆጠራውን ማየት ስለሚፈቅድ ዜጎች በየጣቢያው ገብተው የተነበበውን ቁጥር ጻፉ። መንግሥት 98.85 በመቶው ድምፅ ሰጪ የእኔን ዕጩዎች ደግፏል ሲል፣ በአንዳንድ ወረዳዎች እነሱ የቆጠሩት የተቃውሞ ድምፅ መንግሥት ካመነው በልጦ ተገኘ። ከዚያ በኋላ በየወሩ በ7ኛው ቀን እየተሰበሰቡ ያንን ቁጥር አነሡት። ለአንድ ጣቢያ ሁለት ሰው መድቡ፤ አንድ ሰው ቢታሰር ወይም ቢደለል ሁለተኛው አለ። ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና ያነበበውን ሰው ኃላፊነት ይጻፉ፤ ግልባጩ በዚያው ሌሊት ከሰፈሩ ይውጣ።

ገንዘባችሁንስ የት አስቀመጣችሁት? ከግዳንስኩ አድማ የተወለደው የፖላንዱ ነጻ የሠራተኛ ማኅበር፣ የሶሊዳርኖሽች፣ የቭሮስዋፍ ከተማ ቅርንጫፍ ሰዎች ዲሴምበር 3 ቀን 1981 ከባንክ 80 ሚሊዮን ዝሎቲ ጥሬ ገንዘብ አውጥተው በከተማው ሊቀ ጳጳስ ዘንድ አስደበቁት። በአሥረኛው ቀን ወታደራዊ አስተዳደር ታወጀ፣ ማኅበሩ ታገደ፣ ሒሳቡ ተያዘ፤ ከባንክ የወጣው ገንዘብ ግን ለድብቅ ማተሚያውና ለታሳሪ ቤተሰብ ዋለ። የእናንተ የአድማ መዋጮ ዛሬ በስንት ሰው ስም፣ በየትኛው ባንክ ነው ያለው? ነገ ከመሰብሰባችሁ በፊት ጠይቁ።