ቁንዱዶ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?

ስዊዘርላንድ ውስጥ ተራራ ልትወጣ ከባቡር ስትወርድ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቢጫ ሰሌዳ ቆሞ ታገኛለህ። ጫፉ ሾጠጥ ብሎ መንገዱን ይጠቁማል። የምትሄድበት ቦታ ስም ተጽፏል፤ ከስሙ ጎን ደግሞ ሰዓቱ። ኪሎ ሜትር አይጽፉም። ተራራ ላይ ኪሎ ሜትር ምን ይሠራል? አምስት ኪሎ ሜትር ሜዳና አምስት ኪሎ ሜትር አቀበት አንድ አይደሉም። ስለዚህ በእግር ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ይነግሩሃል። 2 ሰዓት ከ40 ካሉህ፣ መሀል ላይ ተቀምጠህ ካልቀረህ፣ 2 ሰዓት ከ40 ነው።

ሰሌዳው ሲርቅ ቀለሙ ይረከብሃል። ድንጋይ ላይ፣ ግንድ ላይ፣ የአጥር እንጨት ላይ መዳፍ የምታህል ምልክት አለች። ነጭ፣ ቀይ፣ ነጭ ከሆነች የተራራ መንገድ ነውና ጥሩ ጫማ አድርግ። ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ከሆነች ወደፊት ገደልና በረዶ አለ፤ ልምድ የሌለው ይመለስ። መንገዱ የላም ግጦሽ የሚያቋርጥ ከሆነ ትንሽ በር ትጠብቅሃለች። ሽቦዋን ፈትተህ ታልፋለህ፣ መልሰህ ታስራታለህ። ዘበኛ የለም። ሁሉም ያስራታል።

ብዙ ዓመት እዚህ ኖሬም ያ ቢጫ ሰሌዳ ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል። ድሬዳዋ ከዚራ ተወልጄ፣ የእናቴ ዘመዶች ሐረር ስላሉ ክረምቱን እዚያ እያሳለፍኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። ተራራ ሞልቶናል።

ነገሩን የቆሰቆሰብኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት። የእግር ጉዞ ነፍሷ ነው። በሞንብላን ዙሪያ ያለውን መንገድ ጨርሳለች። ፈረንሳይን፣ ጣሊያንንና ስዊዘርላንድን የሚያካልል 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ ሰው በ10 ወይም በ11 ቀን ይጨርሰዋል። ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ድረስ ወጥታለች። ኔፓል ሄዳ 5,364 ሜትር ላይ ያለው የኤቨረስት ግርጌ ሰፈር ደርሳለች። የኛን ስሜንም ታውቀዋለች፤ ጭላዳውን፣ ዋልያውን፣ ራስ ዳሸንን በስም ትጠራለች።

“አንተ ካደግክበት አጠገብስ ምን ተራራ አለ?” አለችኝ።

ስለ ቁንዱዶ ነገርኳት። ከሐረር ወዲያ ሲያዩት አናቱን በቢላዋ የቆረጡት የሚመስል አምባ ነው። ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ላዩ ሣር ሜዳ ነው፤ ሰው ያልገራቸው ፈረሶች ይኖሩበታል። ዓይኗ በራ። ወዲያው ስልኳን አወጣች። መንገዱ ከየት ይጀምራል? ስንት ሰዓት ያስኬዳል? የት ይታደራል?

ድሬ ደወልኩ፣ ሐረር ደወልኩ። የአጎቴ ልጅ ሳቀብኝ። “አቦ፣ ቁንዱዶ ላይ ማን አለህ?” አክስቴ ደግሞ ተጨነቀች። “ምን አጥተህ ነው ልጄ? ስለት አለብህ እንዴ?”

አልፈርድባቸውም። ጋራ ሙለታ ብትል ትልልቆቹ ቶሎ የሚመጣላቸው ልጅ ኢያሱ የታሰሩበት መሆኑ ነው። ከ3,300 ሜትር በላይ የሚዘልቅ ተራራ በእስር ቤትነቱ ነው የሚታወቀው። ሐኪም ጋራ ላይ ሆነህ ጀጎልን ከዳር እስከ ዳር ታየዋለህ፤ ግንቡን፣ መስጊዶቹን፣ ቆርቆሮውን። እንግዳው ግን ማታ ጅብ ሲበላ ያያል፣ ጠዋት ቡና ይገዛል፣ ይሄዳል። ቀና ብሎ ጋራውን እንዲያይ የሚነግረው የለም። ድሬም ያው ነው። ከከተማው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ፤ በ1929 በፈረንጅ አቆጣጠር የተገኘ። ተመራማሪዎች ከ4,000 በላይ የቀይ አፈር ድንጋይ ቁርጥራጭ ከዚያ አውጥተው አጥንተዋል። የዛሬ 40 ሺህ ዓመት ገደማ የነበሩ ሰዎች እየፈጩ ቀለም ያወጡበት ነው። አብረውኝ ከተማሩት ውስጥ ዋሻው የት እንደሆነ የሚያውቅ አላገኘሁም። ማን ወስዶ አሳያቸው?

ባለፈው ለዕረፍት ስመጣ ራሴ ቁንዱዶን ልወጣ ተነሳሁ። አንድ ቢሮ ገባሁ፣ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባልኩ። ከየት? ከሌላ ቢሮ። እዚያ ስደርስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱ መስክ ወጥተዋል። ደብዳቤው ተጽፎ ሲያልቅ ማኅተም የያዘው ሰው የለም። ወንበር ላይ ተቀምጬ የዋልኩበትን ጊዜ ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። ተስፋ ቆርጬ አንድ የጉዞ ወኪል ጋ ብሄድ “ዳያስፖራ አይደለህ? ለምን ባሌ አልወስድህም?” ብሎ መኪና፣ ድንኳንና ምግብ አብሳይ ደማምሮ በዶላር ጠራልኝ። ሳኔቲ ድንቅ አገር ነው፣ አልክድም። እኔ ግን የጠየቅኩት በአያቶቼ በር ላይ የሚታየውን ጋራ ነው።

ጸጥታ ነው ካሉኝ እቀበላለሁ፤ ጊዜው እንደምናውቀው ነው። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ከጠየቅኳቸው አንዱም መንገዱን አያውቀውም። ፈቃድ የሚሰጠው ሰው የሚፈቅደውን ቦታ ረግጦት አያውቅም።

በመጨረሻ ያወጣኝ ከተራራው ሥር ያለ የገበሬ ልጅ ነው፤ ኮንጎ ጫማ አድርጎ። እኔ በውድ ጫማዬ ስንሸራተት እሱ ቆሞ ይጠብቀኛል። የት እንደሚረገጥ በጣቱ ያሳየኛል። ላይ ስንደርስ ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ፈረሶቹን አላየናቸውም። እያነሱ መሄዳቸውን አባቱ እንደሚናገሩ ነገረኝ፤ ስለነሱ የጻፉ ተመራማሪዎችም ያገኙት ጥቂት ብቻ ነው። ሲጠፉ አብረን ልናዝን ነው እንግዲህ። ማን ያውቃቸው እንደነበር እንጃ።

ድሬ ስመለስ ጠዋት ከፊራ ገበያ ቆሜ ከጋራው የሚወርዱትን ሴቶች አየሁ። እንጨት፣ ከሰል፣ አትክልት ተሸክመው ይገባሉ። ገመዱ ደረታቸው ላይ ተሻግሮ ትከሻቸውን ይዞታል፤ ሸክሙን ሲያወርዱ ሰንበሩ ይታያል። ድሬ 1,200 ሜትር ላይ ናት፤ የደንገጎ በኩል ጋራ ከ2,000 ይበልጣል። አልፕስ ላይ እኛ ሁለት ምርኩዝ ይዘን የምንወርደውን ቁልቁለት እነሱ በነጠላ ጫማ ይወርዱታል፣ ከሰዓት መልሰው ይወጡታል። መንገዱ እንግዲህ አለ ማለት ነው፤ ተረግጦ ተረግጦ ለስልሷል። ውኃው የት እንዳለ፣ በዝናብ ጊዜ የቱ ጋ እንደሚያንሸራትት፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ያውቃሉ። ቢሮው እነሱን ቢጠይቅ ሰሌዳው በአንድ ሳምንት ይጻፍ ነበር።

የስዊዞቹም ሰሌዳ ከሰማይ አልወረደም። መኪና የተራራ መተላለፊያዎቹን ሲያጨናንቅ ተማሪዎቹን ይዞ የወጣ ዮሐን ያኮብ ኤስ የሚባል መምህር አቧራውና ጡሩምባው አንገፈገፈው። በ1934 በፈረንጅ አቆጣጠር የእግር መንገድ ማኅበር ተቋቋመ። በ1979 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ የእግር መንገድን ጉዳይ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገባው። ዛሬ የኢትዮጵያን ሃያ አምስተኛ በማትሞላ አገር ምልክት ያለው መንገድ ከ65,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ሀብታም ስለሆኑ ነው የሚል አይጠፋም። ኔፓል ሀብታም ናት? እዚያ መንገደኛው የመንደር ሰው ቤት ያድራል፣ ሩዝና ምስር ይበላል፣ ብሩ እዚያው ይቀራል። ታንዛኒያ ማንንም ያለ መሪ ኪሊማንጃሮ አታስወጣም፤ የተሸካሚው ጭነት ከ20 ኪሎ እንዳይበልጥ በሩ ላይ ሚዛን አለ። ፔሩ የኢንካን መንገድ መሪና ተሸካሚ ጨምሮ በቀን ለ500 ሰው ብቻ ትከፍታለች፤ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ ትዘጋዋለች። ሩቅ ምን አስኬደኝ፣ ወሎ መቄት ላይ ገበሬዎቹ ራሳቸው ማረፊያ ጎጆ ሠርተው ከጦርነቱ በፊት ስንቱን እግረኛ አስተናግደዋል።

ለቁንዱዶ የሚበቃው አንድ ባልዲ ቀለም፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪና በአማርኛ የተጻፉ ጥቂት ሰሌዳዎችና በተራ የሚመሩ የመንደር ልጆች ናቸው። ውጭ ያለን የድሬና የሐረር ልጆች ቀለሙንና ቆርቆሮውን ልንገዛ ተነጋግረናል። እሺ የሚለን ቢሮ ካለ ዛሬውኑ እንጀምራለን።

እስከዚያው በበዓል የምትመጡ ካላችሁ በዝናቡ ወራት አትሞክሩት። ከመነሳታችሁ በፊት የአካባቢውን ሰው ስለ ጸጥታው ጠይቁ። ማልዳችሁ ተነሱ፤ ውኃም ከታች ያዙ። የሚመራችሁን ልጅ ሒሳብ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ስትወርዱ ደግሞ በሹፌር በኩል ሳይሆን በገዛ እጁ ስጡት።