የሲሚንቶው እሳት የማን ነው?

ነገሩን ያመጣው የመብራት መጥፋት ነው። ደብረ ብርሃን አንድ ቁርስ ቤት ሻይ ይዘን እያወራን መብራት ድርግም አለ። ብሎኬት አምራቹ ወዳጃችን ተበሳጨ፤ ማሽኑ መቆሙ ነው።

«ፋብሪካዎቹ ናቸው የጨረሱት! ቢራው፣ ብርድ ልብሱ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ። ለእኛ ምን ተረፈን?»

ከብርድ ልብስ ፋብሪካ ጡረታ የወጡት አባት አልተዋጠላቸውም። «ተው ልጄ። ያን ሁሉ ቢራ እኛ ነን የምንጠጣው? ተጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይወርድ የለም? ኃይሉን የጨረሰው ጠጪው ነው።»

ፊዚክስ የምታስተምረው እህታችን ጣልቃ ገባች። «ጋሼ፣ እንደዚያ ከሆነ የእኛም ዕዳ ብዙ ነው። ኪስዎ ያለው ስልክ የተሠራው ውጭ ሀገር ነው። ለእሱ የነደደው ከሰል እኛ ላይ ነው የሚቆጠረው።»

«ቆጣሪዬ ላይ ያልመጣ ምን አገባኝ?» አለ ብሎኬት አምራቹ።

እሷም ሲሚንቶውን አነሳችበት። እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ለሚ ላይ ትልቁ የሲሚንቶ ፋብሪካ በ2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የሲሚንቶ ምድጃ የኖራ ድንጋዩን 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ አግሎ ክሊንከር የሚባለውን፣ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነውን ጠጠር ያወጣል። ይህን ሙቀት የሚሰጠው ከግድብ የመጣው መብራት አይደለም፤ በሀገራችን በአብዛኛው የድንጋይ ከሰል ነው። ጭሱ ደግሞ ከከሰሉ ብቻ አይመጣም። ድንጋዩ ራሱ ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከድንጋዩ ነው። «ያ ሁሉ አንተ ጓሮ በከረጢት ተቆልሏል» አለችው። «ቆጣሪህ ግን አያውቀውም።»

«ታዲያ ብሎኬት በጭቃ ልሥራ?»

«ማን አለህ? ኦፒሲ ሲሚንቶ ብቻ ካልሆነ ማለቱን ተው ነው የምልህ።»

ክርክሩ የጠነከረው እዚህ ላይ ነው። ኦፒሲ ከሞላ ጎደል ክሊንከርና ትንሽ ጂፕሰም ነው። ፒፒሲ በሚባለው ሌላው የሲሚንቶ ዓይነት ውስጥ ግን የክሊንከሩን አንድ ክፍል የእሳተ ገሞራ አፈር ይተካል፤ ያ አፈር በምድጃው እሳት አያልፍም። ስለዚህ ለአንድ ከረጢት የሚነደው ከሰል ይቀንሳል። ብሎኬት አምራቹም የሚለው ነበረው። «ፒፒሲ ቶሎ አይጠነክርም። እኔ ቶሎ አንስቼ ቶሎ ካልሸጥኩ ገንዘቤ ታስሮ ይቀራል።» እውነቱን ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ውሃም ብዙ ቀን መጠጣት አለበት።

እኔ ከመምህርቷ ጋር ነኝ። አባታችን ቆጠራው ወደ ተጠቃሚው ይሂድ ማለታቸው ትክክል ነው። ግን እዚያ ላይ ካቆምን ፋብሪካውን የሚጠይቀው ይጠፋል። የሚያፈሰውን የእንፋሎት ቱቦ መጠገን፣ ከጭስ ማውጫው የሚያመልጠውን ሙቀት መልሶ መጠቀም የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ቢራ ጠጪው አዲስ አበባ ተቀምጦ ቱቦ አይጠግንም። የብሎኬት ሰው በችኮላው አይወቀስም፤ ካፒታሉ ትንሽ ነው። ለልስንና ለግንብ ግን ፒፒሲ አንሶ አያውቅም፤ እዚያ ኦፒሲ ማፍሰስ ከሰልን በከንቱ ማንደድ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ደግሞ ትልቁ ገዢ፣ መንግሥት ነው። የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ግንባታ ጨረታ ሲያወጣ፣ ኦፒሲ የግድ የሚያስፈልገው የትኛው ሥራ እንደሆነ ለይቶ ይጻፍ። የቀረው በፒፒሲ ይሠራ።