ከዜሮ በታች 232 ሰው

ባለፈው ጎንደር ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብዬ አንድ የጤና ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ።» የወባ ስርጭትን ፓይተን በሚባለው የኮድ ቋንቋ ሠርቷል። 1,000 ሰው፣ ከነሱ 10 ታማሚ። አራተኛው ሳምንት ላይ ገና ያልተያዙት ሰዎች ብዛት −232 ይላል። ተሳሳቅን።

የተጠቀመው ከርማክና ማኬንድሪክ እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጡትን የበሽታ ስርጭት ማስሊያ ሞዴል ነው። ሕዝቡን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፦ ተጋላጭ፣ ታማሚ፣ ያገገመ። ልጁ የማስተላለፊያውን መጠን በቀን 0.5፣ የማገገሚያውን 0.1 አድርጎታል። የጤና ጣቢያ ሪፖርት በየሳምንቱ ስለሚመጣ ኮዱንም በ7 ቀን እርምጃ አስኬደው፤ ማለትም ሳምንቱ ሲጀምር ያለውን ፍጥነት ለ7 ቀን ሳይቀይር ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛው ሳምንት ሲያልቅ የቀሩት ተጋላጮች 431 ነበሩ። ቀጣዩ እርምጃ በአንዴ 663 ሰው አስያዘ። ከየት አምጥቶ? እርምጃውን ወደ 1 ቀን አወረድነው፤ ግራፉ አማረ።

እኔን ያሳሰበኝ ያማረው ግራፍ ነው። −232 ራሱ ይጮሃል፣ ማንም ያየዋል። ይሄኛው ግን ዝም ብሎ ያልፋል። ወባ የለቀቀው ሰው እኮ ተመልሶ ይታመማል፤ ኮዱ ውስጥ ያገገመ ሰው እዚያው ቀረ። ትንኝ የሚባል ነገር የለም። ደግሞ 1,000ው ሰው በሩን ዘግቶ ነው የተቀመጠው። ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማ የሚወርደው፣ ወባ ይዞ የሚመለሰው ጉልበት ሠራተኛ የት ገባ?

ልጁን አልወቅሰውም። እኛ ነን «ቁጥሩን ሙላ፣ ግራፉን ውሰድ» ብለን ያስለመድነው። በኔ በኩል ተማሪ ግራፍ ከማየቱ በፊት ክፍሎቹንና ቀስቶቹን ብቻ ለይቶ ይጻፍ እላለሁ፦ ከየት ወደ የት፣ በምን ፍጥነት። የሚያሰላው ኮድ ሌላ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። ሁለቱ ከተደበላለቁ ስህተቱን የሚያገኘው ኮድ አዋቂ ብቻ ነው፣ እሱም ከቀናው። ቀስቶቹ ለብቻቸው በአማርኛ ከተዘረዘሩ ግን ኮድ አይታ የማታውቅ፣ እዚሁ ጎንደር አጠገብ ያለችው የደምቢያ ነርስ «አንድ ረስታችኋል» ትላለች።

ደምቢያን ያነሳሁት በዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 እዚያ የተነሳው ወባ ወደ 7,000 ሰው ጨርሷል። በዓመቱ፣ በ1954፣ የዛሬው ዩኒቨርሲቲ መነሻ የሆነው የጤና ኮሌጅ እዚህ ጎንደር ተከፈተ። እዚህ ከተማ የወባ ሞዴል ትንኝ ሲረሳ ትንሽ ያሳፍራል።

ልጁ ማስታወሻ ደብተሩን አውጥቶ እንደገና ጀመረ። «ያገገመ ወደ ተጋላጭ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ የትንኞቹን ክፍሎች ጨመረ። «ከመተማ የሚመለስ» ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አቆመ።

«ጋሼ፣ በሳምንት ስንት ሰው ይመለሳል?»

ሂሳቡን ከፍለን ወደ መናኸሪያ ወረድን።