ጠበቃ ለመያዝ ክስ እስኪመሠረት መጠበቅ አያስፈልግም

«ጠበቃ የሚያዘው ክስ ሲመሠረት ነው፤ ከዚያ በፊት መያዝ ጥፋተኛ ያስመስላል» የሚለው ምክር በብዙዎች ዘንድ የሚታመን ቢሆንም ስሕተት ስለሆነ በአክብሮት ላርመው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘት ዕድል እንዲያገኝ፣ በአንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችል እንዲነገረው ይደነግጋል። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ደንግጦ በፖሊስ ጣቢያ የሰጠውን ቃል፣ ዘግይቶ የመጣ ጠበቃ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን በቀላሉ አያስተካክለውም። ተጠርጣሪው (የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር) በ48 ሰዓት ውስጥ ችሎት ሲቀርብና ፖሊስ ተጨማሪ ጊዜ ቀጠሮ (ምርመራው እስኪያልቅ ተጠርጣሪውን በእስር ለማቆየት የሚሰጥ ጊዜ) ሲጠይቅም፣ ዋስትናውን በሕግ ቋንቋ የሚከራከርለት ሰው የሚያስፈልገው ክሱ ገና ሳይጻፍ ነው።