ሳይመረምሩ «በሽታው የለም» ማለት ይብቃ

ሰሞኑን ጎጃም ውስጥ በተካሄደ የጤና ግምገማ ላይ አንዲት ባለሙያ በነፍሰ ጡሮች ክትትል ላይ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈው የክላሚዲያ በሽታ ምርመራ እንዲጨመር ጠየቁ። ከመድረክ የተሰጣቸው መልስ አጭር ነበር፤ በሽታው ከወረዳዎቹ በመጣው ሪፖርት ላይ ስለማይታይ ቅድሚያ የሚሰጠው ጉዳይ አይደለም የሚል። ውይይቱ ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ። እኔ ግን ይህን መልስ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሪፖርት ላይ ከየት ይምጣ? በጤና ጣቢያዎቻችን የአባላዘር በሽታ የሚታከመው በምልክት ነው። ሴቲቱ ፈሳሽ አለኝ ካለች መዝገቡ ላይ «የማህፀን ፈሳሽ» ተብሎ ይጻፋል፤ ጥቂት ጥያቄ ትጠየቃለች፤ መድኃኒት ይሰጣታል። መንስኤው ክላሚዲያ ይሁን ጨብጥ ወይም ሌላ፣ የሚያጣራ የለም። ይህም ምልክት ላላት ነው። ክላሚዲያ ካለባቸው ሴቶች አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም፤ ከወንዶቹም ግማሽ ያህሉ እንደዚያው ናቸው። ያላመማት ሴት ጤና ጣቢያ አትሄድም፤ ያልሄደች አትመዘገብም። ከዚያ ኃላፊው ባዶውን ሠንጠረዥ አይቶ ችግር የለም ይለናል። ይህን ማስረጃ ብሎ የሚያቀርብ ሰው ሥራውን አልሠራም።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ይህ መልስ ጎጃም ላይ መሰጠቱ ነው። ስንትና ስንት እናቶች የተቀለበሰ የዓይን ፀጉራቸውን በወረንጦ ሲነቅሉ የኖሩበት ምድር ነው። ይህን የዓይን በሽታ፣ ትራኮማን፣ የሚያመጣውም ያው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ዝርያው ይለያያል እንጂ፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ የሚባሉት ዓይንን ያጠቃሉ፣ ከዲ እስከ ኬ ያሉት ደግሞ ብልትንና ማህፀንን። የዓይኑን እንዴት እንደቆጠርነው አስታውሱ። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ በ72 ንዑስ ቀበሌዎች ትልቅ ጥናት ተካሂዷል። የሕፃናቱ የላይኛው ዓይን ቆብ እየተገለበጠ በጥጥ ተጠረገ፤ ናሙናው ቀዝቃዛ ሳጥን ውስጥ ተይዞ እስከ ካሊፎርኒያ ድረስ ተልኮ የባክቴሪያውን ዘረመል በሚለየው የፒሲአር ምርመራ ታየ። በየሦስት ወሩ ለልጆች አዚትሮማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በተሰጠባቸው ቀበሌዎች ባክቴሪያው ከልጆቹ 48.4 በመቶ በሚሆኑት ላይ ነበር፤ በዓመቱ ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። መድኃኒቱን ባልወሰዱት ትልልቅ ሰዎች ላይ እንኳ ቀነሰ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2009 ላንሴት መጽሔት ላይ ወጥቷል።

ያ ጥናት ለምን የዓይን ቆብ ገልብጦ በማየት ብቻ አልተወሰነም? ማየትና መመርመር አንድ ስላልሆኑ ነው። ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም የዓይኑ ቁስለት ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ባክቴሪያው እያለ ምንም የማይታይበት ልጅም አለ። ዓይን ተገልብጦ፣ በብርሃን ታይቶ እንኳ እንዲህ የሚያሳስት ከሆነ፣ ማንም የማያየውን የማህፀን በር በሕመምተኛዋ ንግግር ብቻ መዝግቦ «ቁጥሩ ይኸው» ማለት ምን ይባላል? ለሕፃናቱ ዓይን ጎጥ ለጎጥ ተዞረ። ለእናቶቻቸው ማህፀን ሲሆን «ሪፖርት ላይ የለም» ተባለ።

ዛሬ ናሙና ባሕር ማሻገር እንኳ አያስፈልግም። ለቲቢ ተብሎ የገባው የጂን ኤክስፐርት ማሽን ሆስፒታሎቻችን ውስጥ አለ። ናሙናው የሚገባበት ካርትሪጅ ሲቀየር ያው ማሽን ክላሚዲያንና ጨብጥን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ለይቶ ይናገራል። ነፍሰ ጡሯ እንደሆነ ለክትትል መጥታለች፤ ለኤች አይ ቪ፣ ለቂጥኝና ለሄፓታይተስ ቢ ደሟን ሰጥታለች፤ የሽንት ዕቃዋን ይዛ ላቦራቶሪው በር ላይ ተሰልፋለች። ወረቀቱ ሽንቱ ውስጥ ይነከራል፣ ቀለሙ ይታያል፣ የተረፈው ይደፋል፤ ያው ሽንት ግን ለክላሚዲያም ሊመረመር ይችል ነበር። በእርግጥ ለሴት ከሽንቱ የሚሻለው ከብልት በጥጥ የሚወሰድ ናሙና ነው። እሱንም ሽንት ቤት ገብታ ራሷ ልትወስደው ትችላለች፤ ማንም ገላዋን ማየት የለበትም።

«ሕዝባችን ጨዋ ነው፣ ይህ የከተማና የውጭ አገር በሽታ ነው» የሚሉም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ላይ 129 ሚሊዮን ሰዎች እንደ አዲስ በክላሚዲያ እንደተያዙ ገምቷል። ከዚህ ሁሉ ጎጃም በምን ተለይታ ትቀራለች? ጥር ላይ የተዳረችው ልጅ ጨዋ ናት፤ ባሏ ግን ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርዶ ወራት ቆይቶ ይመለሳል። ሳይታከም የቆየ ክላሚዲያ የማህፀን ቱቦን ይዘጋል፤ ከማህፀን ውጭ እርግዝናም ያመጣል። ዓመት፣ ሁለት ዓመት አልፎ ልጅ ሲጠፋ መካን የምትባለው እሷ ናት። ሽማግሌ የሚላከው በእሷ ላይ ነው፤ ቤቱን ለቃ የምትወጣውም እሷ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልን ሕመምተኛውን እንወቅሳለን፤ እዚህ ላይ ግን የደበቀው የጤና ጽሕፈት ቤቱ ነው።

ስንቆጥር ደግሞ ለይተን እንቁጠር። ሆስፒታል ታመው የመጡትን ብቻ መርምሮ «የጎጃም ቁጥር ይህ ነው» ማለት ሌላ ስህተት ነው። የደብረ ማርቆስ ተማሪ፣ የፍኖተ ሰላም ነፍሰ ጡር፣ ቡና ቤት የምትሠራ ሴት፣ ከመተማ የተመለሰ የቀን ሠራተኛ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። በሌላው ዓለም በሽታው በብዛት የሚገኘው ከ25 ዓመት በታች ባሉት ላይ ነው። የእኛ ሴቶች ደግሞ በዚያ ዕድሜ አግብተው ወልደዋል።

ካርትሪጁ ውድ ነው፤ ይህን አልክድም። ግን ስርጭትን ለማወቅ እያንዳንዱን ናሙና ለብቻው መመርመር ግድ አይደለም፤ የብዙ ሰው ናሙና ተቀላቅሎ በአንድ ጊዜ ሊታይ ይችላል፤ በጎንቻም የተሠራው እንዲህ ነው። በጀቱ ሲያዝ ግን የባሎቹ መድኃኒት አብሮ ይያዝ። ሚስት ብቻዋን ታክማ ወደ ቤቷ ከተመለሰች ያው በሽታ እንደገና ይይዛታል።